ስለ ምጥ ሕመም ማስታገሻ፤ ከውጫሌ ውል የተነሣ አሳብ



የውጫሌ ስም በተነሣ ጊዜ ትምህርት ቤት የገባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ወዲያው የሚያስበው ውሉን ነው። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገደኛ የሚያልፍባት ይህች የአምባሰል ከተማ ስሟ በዓለም የታወቀው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋራ በዚያ አገር በተዋዋሉት ውል ምክንያት ነው። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። የ17ኛው ክፍል አማርኛ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋራ ጉዳይ ሲኖራቸው በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር። ኢጣልያንኛው ግን ይህን ለማድረግ እንደ ተስማሙ፣ ማለትም ግዴታ እንደ ገቡ አድርጎ ጻፈው። ከዚያች ከአንዲት ቃል የተነሣ ምን ያህል ደም እንደ ፈሰሰ ታውቃላችሁ።

በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የምታረቅቁና መመሪያ የምትተረጕሙ አንባብያን፣ «ይቻላል» በሚለውና «ይገባል» በሚለው መካከል ያለውን ርቀት ከሌላው ሰው ይልቅ እናንተ ትረዱታላችሁ። በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ግን ስለ ውሉ አይደለም። እነዚሁ ሁለት ቃላት ምጥ በያዛት ሴት ራስጌ ቆመው ምን ያህል ዘመን እንደ ተከራከሩ ልንነግራችሁ አስበናል። የምታምጥ ሴት ሕመሟን ማስታገስ ይቻላታልን? ወይስ መታመም ይገባታል? መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላስ መቀበል ይቻላታል ወይስ ይገባታል? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው? ጉዳዩ የሴቶች ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ወረቀት አቅርበው «ፈርም» የሚሉት ብዙ ጊዜ ባልን መሆኑን ያስታውስ።

አስቀድመን ከዚያው ከአምባሰል እንጀምር። በወሎ ተራሮች ሥር፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናቷ ቤት መሄዷ የቆየ ልማድ ነው። ምጡ ሲጀምራት በልምድ የታወቀችው አዋላጅ ትጠራለች፤ ሆዷንና ወገቧን በቅቤ ታሻታለች፤ እንድትራመድ ታደርጋታለች፤ ፅንሱ እንዲያንሸራትት ተብሎ የተልባ ውኃ ይሰጣታል። ጎረቤቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ማኅፀን ፈቺ የሚባለው ቅዱስ ሩፋኤል ይለመናል፤ ጠበልም ይመጣል። በእስልምና ተከታዮች ቤት ደግሞ ዱበርቲ የሚባሉት ባልቴቶች ቡና አስፈልተው ዱዓ ያደርጉላታል። የወሎ ሰው እንደምታውቁት በጎረቤቱ ጭንቅ ጊዜ ሃይማኖት ስለማይለይ፣ በአንድ ደጅ ሁለቱንም ልመና መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ወንዶች ከደጅ ይቀመጣሉ። ሴቲቱም ጩኸቷን ዋጥ አድርጋ ከቻለች ጨዋ ትባላለች፤ ከጮኸች ግን ነገ በቡና ላይ መነሣቷ አይቀርም።

በዚህ ልማድ ውስጥ የሕመም ማስታገሻ አለ ወይስ የለም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ አለ ብለን እንመልስለታለን። የሚያሻት እጅ፣ የማትለያት ሴት፣ እንድትንቀሳቀስ መፈቀዱ፣ ሁሉም ሕመምን የሚያቀሉ ናቸው፤ በኋላም ሳይንስ በብዙ ድካም ወደነዚሁ ተመልሷል። ነገር ግን አይካድም፤ ፅንሱ ተጋድሞ ምጡ ሦስት ቀን ሲቆይ፣ ወይም ደሙ አልቆም ሲል፣ ቅቤውም ተልባውም ያቅታቸዋል። ጨዋነት የተባለው ዝምታም አንዳንድ ጊዜ የሞትን መምጣት ሸፍኖ ኖሯል።

እንግዲህ ወደ ሌላው ዓለም እንሻገር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በስኮትላንድ አገር በኤዲንብራ ከተማ፣ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን የተባለ የማዋለድ ሐኪም ኤተር የተባለውን መድኃኒት ለምታምጥ ሴት አሸተታት። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ደግሞ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ ክሎሮፎርምን በራሱ ላይ ሞከረና ከቀናት በኋላ ለወላዶች መስጠት ጀመረ። ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ተቃዋሚዎች ከኦሪት ዘፍጥረት ሦስተኛ ምዕራፍ ለሔዋን የተነገረውን አንሥተው፣ ሴት በጭንቅ ትወልድ ዘንድ ተፈርዶባታልና ፍርዱን ማንሣት ኃጢአት ነው አሉ።

ሲምፕሰን ዝም አላለም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር መልሱን አሳትሞ አወጣ። የመልሱ ነገር ለእኛ ለቃል ሠራተኞች ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የተሟገተው በሕክምና ብቻ ሳይሆን በትርጕም ነበርና። በዕብራይስጡ የተጻፈው ቃል ድካምንና ልፋትን እንጂ ሥቃይን ብቻ የሚያመለክት አይደለም፤ ለአዳምም ምድር እሾኽ እንድታበቅል ተነግሮት ሳለ ገበሬው እሾኹን መንቀሉን ማንም ኃጢአት አላለውም፤ ደግሞም ፈጣሪ ከአዳም ጎን አጥንት በወሰደ ጊዜ አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ ጥሎበት ነበር አለ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙዎቹን ያሳቀና ያሳፈረ ይመስለናል። በአጭሩ፣ ተቃዋሚዎቹ «ይገባታል» ብለው ያነበቡትን እርሱ የሚመጣውን መናገር እንጂ ማዘዝ አይደለም ብሎ አነበበው።

ክርክሩ የሃይማኖት ብቻ ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። እንዲያውም የበረታው ተቃውሞ የመጣው ከሐኪሞቹ ነው። በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ ስመ ጥር የነበረው ቻርልስ ሜግስ፣ የምጥ ሕመም ጤናማ የሆነ የተፈጥሮ ኃይል መገለጫ ነው፤ ሐኪሙም ሥራውን የሚመራው በእርሱ ነው እያለ ተከራከረ። እዚህ ላይ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረታችን ትዝ ይለናል። ምጥ ጠቃሚ ነው አይደለም እያሉ በየመጽሔቱ የተሟገቱት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ያላማጡ ወንዶች ነበሩ።

ክርክሩን ካበረዱት ነገሮች አንዱ የአንዲት ሴት ውሳኔ ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶርያ በእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1853 ስምንተኛ ልጃቸውን ልዑል ሌዎፖልድን ሲወልዱ፣ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ክሎሮፎርም በመሐረብ ላይ ጥቂት በጥቂት እያንጠባጠበ ለ53 ደቂቃ አሸተታቸው። ስኖው ኮሌራ በውኃ እንደሚተላለፍ ያስረዳው ሰው ነው። ላንሴት የተባለው የሐኪሞች ጋዜጣ ነገሩን ነቀፈው፤ ንግሥቲቱ ግን በዕለት ማስታወሻቸው መድኃኒቱን አመሰገኑ፤ በ1857ም የመጨረሻ ልጃቸውን ሲወልዱ ደገሙት። ንግሥቲቱ ካደረጉት በኋላ ነውር ነው ለማለት የሚደፍር ቀነሰ።

የታሪክ መገጣጠም ሆኖ፣ እኚሁ ንግሥት ወደ ውጫሌው ጉዳይ ይመልሱናል። ዳግማዊ ምኒልክ በቀጥታ ለላኩላቸው ደብዳቤ በ1882 ዓ.ም. የካቲት ወር በሰጡት መልስ፣ በውሉ መሠረት ጉዳዩ በኢጣልያ መንግሥት በኩል እንደሚሄድ አስታወቁ። ለራሳቸው ምጥ «ይቻለኛል» ያሉት ሴት፣ ስለ ሌላው ንጉሥ «ይገባዋል» የሚለውን የኢጣልያ ትርጕም ተቀበሉ። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. ማፍረሳቸውን፣ እቴጌ ጣይቱም በዚያ ክፍል ላይ የነበራቸውን ብርታት በሌላ ጊዜ ሰምታችኋልና አልፈነው እንሄዳለን።

አሁን የክርክሩን ሁለተኛ ገጽ እንግለጥ፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይኸኛውን ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ሴትን መድኃኒት መከልከል ነበር። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ሳይጠይቋት መጫን ሆነ። በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ክሮኒግና ጋውስ የተባሉ ሐኪሞች በእ.ኤ.አ. 1906 ገደማ ሞርፊንንና ስኮፖላሚንን ቀላቅለው በመርፌ የሚሰጡበትን ዘዴ አስፋፉ፤ በእንግሊዝኛው አጠራር ሲተረጐም «የድንግዝግዝ እንቅልፍ» ተባለ። ሴቲቱ ወልዳ ስትነቃ ምንም አታስታውስም። በ1914 የአሜሪካ ሴቶች ይህን በመጽሔት አንብበው፣ ማኅበር አቋቁመው፣ ለእኛም ይሰጠን ብለው ተሟገቱ፤ መሟገታቸውም መብታቸውን መጠየቅ ነበረና የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን መድኃኒቱ ያጠፋው ሕመሙን ሳይሆን ትዝታውን ነበር። ሴቲቱ ትጮኻለች፣ ትወራጫለች፤ ከአልጋ እንዳትወድቅ ትታሰራለች፤ ዓይኗ ይሸፈናል፤ ነገ ግን አታውቀውም። ሕፃኑም አንዳንድ ጊዜ ደንዝዞ፣ ትንፋሽ አጥሮት ይወለዳል። ከንቅናቄው መሪዎች አንዷ በ1915 በወሊድ ሲሞቱ እንቅስቃሴው ቀዘቀዘ፤ መድኃኒቶቹ ግን ተለዋውጠው በአሜሪካ ሆስፒታሎች እስከ 1960ዎቹ ድረስ ቆዩ። በ1958 በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ እናቶች ታስረው መውለዳቸውን የሚገልጹ ብዙ ደብዳቤዎች ታተሙ። «ይቻላል» የተባለው ነገር ሰው ሳያውቀው «ይገባል» ሆኖ እንደ ተገኘ ታያላችሁ።

ሚዛኑን ወደ እናቲቱ እጅ የመለሱ ነገሮችም ነበሩ። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ሮበርት ሚኒት የተባለው ሐኪም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ከአየር ጋራ የሚቀላቅል መሣሪያ ሠራ፤ በ1936ም አዋላጆች እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። የዚህ መሣሪያ ጥበብ ጭምብሉን የምትይዘው ራሷ ወላዷ መሆኗ ነው። ምጡ ሲመጣ ወደ ፊቷ ታስጠጋዋለች፤ ጋዙ ሲበዛባት እጇ ይዝልና ጭምብሉ ይወድቃል፤ ስለዚህ ከሚበቃት በላይ አትወስድም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቨርጂንያ አፕጋር የተባሉት አሜሪካዊት የማደንዘዣ ሐኪም፣ ሕፃኑ እንደ ተወለደ የልብ ምቱን፣ ትንፋሹን፣ ቀለሙን፣ የጡንቻውን ብርታትና ሲነካ የሚሰጠውን ምላሽ የሚመዝኑበትን ነጥብ አወጡ። ለእናት የተሰጠው ማደንዘዣ ሕፃኑን ምን እንዳደረገው በዚህ ታወቀ። የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛም በጥር 1956፣ ያለ ሥቃይ ለመውለድ የሚደረገው ዘዴ ከቅዱስ መጽሐፍ ጋራ እንደማይቃረን ተናገሩ። ሲምፕሰን ከጻፈ 100 ዓመት አልፎ ነበር።

ይህ ሁሉ በውጭ ሲሆን በኛ አገር ምን ነበር ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እዚህም መንገዱ የሚጀምረው ከውጫሌ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ውሉ ጦርነቱን አመጣ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል ሆነ፤ ቁስለኞችን ለማከም የሩስያ ቀይ መስቀል ቡድን በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ከዚያም የሩስያ ሐኪም ቤት ተተከለ፤ እርሱ ሲዘጋ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ዘመናዊ ሕክምና ወደ ከተማይቱ የገባው በቁስለኛ ወታደር በኩል ነው፤ ወላዲቱ ተራዋ እስኪደርስ ብዙ ጠበቀች።

ምን ያህል እንደ ጠበቀች የአንዲት ልዕልት ታሪክ ያስረዳል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን በታወቀው የግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው በ1931 ዓ.ም. ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በጋብቻ ወደ ወለጋ ሄዱ፤ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ግን በነቀምቴ ከፅንስ ጋራ በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ ያውም ሙያውን የተማሩ፣ በዚያ ምክንያት ከሞቱ፣ በአምባሰል ገደል ላይ በቃሬዛ የምትወርደው ሴት ዕድል ምን እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በስማቸው ተሠራ። ሬጅናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1951 ዓ.ም. አዋላጆችን ለማሠልጠን የመጡት ወደዚሁ ሆስፒታል ነው። መጥተው ያዩት ግን በረዥም ምጥ የተጎዱና ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከሰው የተገለሉ ሴቶችን ነበር፤ የፊስቱላ ሆስፒታልም ከዚያ ተወለደ። እነዚያ ሴቶች ያጡት የሕመም ማስታገሻን ብቻ አልነበረም፤ ምጡን በጊዜው የሚጨርስላቸውን እጅ ነው።

በዚህ ምክንያት በኛ አገር ለብዙ ዘመን የተያዘው አሳብ፣ አስቀድማ ትትረፍ፣ ሕመሙ በኋላ ይታሰብበታል የሚል ነበር። አሳቡ በጊዜው ተገቢ ነበር፤ የተሠራውም ሥራ ትንሽ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ100 ልጆች በጤና ተቋም የተወለዱት 5 ብቻ ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት 26፣ በ2011ዱ ደግሞ 48 ደረሱ። በ1992ቱና በ2008ቱ ጥናቶች መካከል ከ100,000 ሕያው ልደት የሚሞቱት እናቶች ግምት ከ871 ወደ 412 ወረደ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን፣ አምቡላንሱ፣ ከጤና ጣቢያው ግቢ የተሠራው የእናቶች ማቆያ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። በወሎ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ከብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ዕቃው ተዘርፎ ሥራው ወደ ኋላ መመለሱም የሚረሳ አይደለም።

ይሁን እንጂ ግማሽ ያህሎቹ እናቶች ወደ ሕክምና መጥተው ሳለ «ሕመሙ በኋላ» ማለትን መቀጠል ለእኛ ተገቢ አይመስለንም። በከተማም ቢሆን ብዙዋ ወላድ ምን ማስታገሻ እንዳለ ሳትጠየቅና ሳይነገራት ትወልዳለች። ስትጮኽም «ቻይው» ትባላለች። ይህ የቀድሞው «ይገባታል» ነጭ ጋዎን ለብሶ የመጣ ነው።

ስለዚህ ያሉትን መንገዶች ባጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። ያለ መድኃኒት የሚደረገው በየትም ስፍራ ይገኛል፤ ወገብን ማሸት፣ በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ፣ መራመድና አቀማመጥን መለወጥ፣ ትንፋሽን መምራት፣ ከሁሉም በላይ ወላዷ የመረጠችው ሰው ከአጠገቧ አለመለየቱ። ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሳትለይ የምታግዛት ሰው ያለቻት ወላድ ምጧ ያጥራል፤ በቀዶ ሕክምና መውለዷም ይቀንሳል። የአምባሰል ሴቶች ይህን በጥናት ሳይሆን በኑሮ ያውቁት ነበር።

ሁለተኛው እንደ ፔቲዲን ያለው በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ አዋላጅም ልትሰጠው ትችላለች። ነገር ግን ሕመሙን ጨርሶ አያጠፋም፤ ያቅለሸልሻል፣ ያንቀላፋል። ልጁ ሊወለድ ጥቂት ሲቀረው ከተሰጠ የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያደክም ስለሚችል ሰዓቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ኤፒዱራል የሚባለው፣ በወገብ በኩል በቀጭን ቱቦ የሚሰጠው ማደንዘዣ ነው። ከሁሉ የበለጠ የሚያስታግሰው እርሱ ነው፤ እናቲቱም ነቅታ ልጇ ሲወለድ ታያለች። በአንጻሩ የደም ግፊትን ሊያወርድ፣ የመግፊያውን ጊዜ ሊያስረዝምና በመሣሪያ የማዋለድን ዕድል ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በቀዶ ሕክምና የመውለድን ዕድል ይጨምራል የሚባለው ግን በጥናት አልተደገፈም። የሠለጠነ የማደንዘዣ ባለሙያና የማያቋርጥ ክትትል ስለሚጠይቅ በአገራችን የሚገኘው በጥቂት ሆስፒታሎች ነው፤ በገጠር ጤና ጣቢያ አይታሰብም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ኤፒዱራልንም መርፌውንም ማስታገሻ ለምትጠይቅ ጤነኛ ወላድ፣ እንደ ምርጫዋ እንዲሰጣት ይመክራል። «ለምትጠይቅ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ የምትጠይቅም የማትጠይቅም ትኖራለች። ያለ መድኃኒት መውለድ የምትፈልገውን ኋላ ቀር፣ የምትጠይቀውን ደግሞ ቅምጥል ማለት አንድ ዓይነት ስሕተት ነው።

ምጥ ከያዘ በኋላ ማሰላሰል የለም። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ በቤታችሁ እርጉዝ ሴት ካለች፣ ለክትትል በምትሄድበት ቀን አብራችኋት ሂዱና በዚያ ተቋም ከማስታገሻ ምን ምን እንዳለ፣ ማን እንደሚሰጠው፣ ሌሊትስ ይገኝ እንደ ሆነ፣ አጠገቧ ሰው መቀመጥ ይፈቀድ እንደ ሆነ ጠይቁ። መልሱን ይዛችሁ ወደ ቤት ተመለሱና የምትፈልገውን እርሷ ትናገር፤ በዕለቱ ምጡ አሳቧን ቢያስለውጣትም ደግሞ ትለውጠው። እናንተ ወረቀቱን ብትፈርሙ የፈረማችሁት የእርሷን ቃል እንዲሆን ተጠንቀቁ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ዛሬ በማቆያው ቡና ይፈላል፣ ገንፎም ይገነፋል፤ ጎረቤቶችም ገብተው ማርያምን ይለምናሉ። ከደጅ ይቀመጥ የነበረው ባልም፣ ሚስቱ ከወደደች፣ ገብቶ ወገቧን ለማሸት ይቻለዋል።